ሞተር አጥፍቶ የሚስበው ሰው

የእህቴ ባል የተበላሹ መኪኖችን በተሳቢ እየጫነ ጋራዥ ያደርሳል። ጆሮ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። መኪና ወደ ተሳቢው ሲስብ የራሱን መኪና ሞተር ያጠፋል፣ እኛንም ዝም ያሰኘናል፣ ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የመጎተቻውን፣ የዊንቹን፣ የብረት ገመድ ያዳምጣል። ገመድ ከመበጠሱ በፊት ይናገራል ባይ ነው። ከኋላው ስንስቅበት ግን አይሰማም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ይህን ያስተማረው ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሃያ ዓመት አብረው የሠሩት በእጅ በሚዞር ዊንች ነበር፤ አንዱ እጀታውን ያዞራል፣ ሌላው ያዳምጣል። አንድ ጊዜ ገመድ ተበጥሶ የጋሼን ቅንድብ ለሁለት ከፍሎታል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። አጥፋውና ስማው ይላል፤ ጆሮም ያጠፋል።

አምና የጋሼ ትከሻ አልታዘዝ አለ። እጀታውን ሁለት ዙር አዙሮ ያቆምና እንዳናየው ፊቱን ወደ ሌላ ወገን ይመልሳል። ጆሮ ይህን ማየት አልቻለም፤ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ዊንች ካልገዛሁ ብሎ ተነሳ። ሱቅ ገብቶ ትንሹን ሲያነሳ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። በጎማው የሚንከባለል መኪና ሌላ፣ ጭቃ ውስጥ የተቀበረ መኪና ሌላ ነው ብዬ፣ የሚጎተተውን መኪና ክብደት እጥፍ የሚስበውን አስመረጥኩት። ሻጩ ትልቅ ዊንች ባትሪ ይጨርሳልና ሲስብ ሞተሩ ይሥራ አለ። ሦስታችንም ሰምተናል፤ ጋሼ ብቻ አልነበረም። አይ፣ ተሳሳትኩ፤ ሻጩን ጨምሬ ቆጠርኩ፣ የሰማነው ሁለታችን ነን። የዊንቹን ማቀፊያ ተሳቢው ላይ የበየድኩትም እኔው ነኝ።

ጆሮ ግን አመሉን አልተወም። ለጥ ባለ መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ለመጫን ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ሞተሩ ጠፍቶም ባትሪው ምንም አላለ። ነገሩ እያሳሳቀ ወሰደን።

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። ጋሼ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ሊያይ በአሮጌው ፒካፕ ቀደመን። ድልድዩ ጋ ጎማው ተንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ስንደርስ ፒካፑ በአፍንጫው ተተክሏል፤ ውሃው የጋሼ ወገብ ደርሷል፤ ቀኝ እግሩ በፍሬኑና በተጨማደደው ብረት መሃል ተይዟል። ብንጎትተው፣ ብንፈለቅቀው እግሩ አልወጣም። ውሃው ይጨምራል። የቀረን እሱ እንዳለበት ፒካፑን ወደ ዳር መሳብ ብቻ ነበር።

የተሳቢውን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈን ገመዱን ከፒካፑ ኋላ አሰርነው። ጆሮ ከችኮላው ብዛት ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ላይ ሆኖ ዊንቹን ያዘ፤ እኔ ውሃው ውስጥ ገብቼ ጋሼን ደገፍኩት። ፒካፑ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ሲል ገመዱ ጮኸ። ጋሼ ደነገጠ፤ የደነገጠው ለራሱ አይደለም፣ ወንድሙ ገመዱ አጠገብ ቆሟል።

"አጥፋውና ስማው!" አለ።

ጆሮ ሞተሩን አጠፋ። የሻጩ ቃል ምላሴ ላይ መጣ። የሃያ ዓመት ሠራተኞችን ሥራ ላስተምር ነው ብዬ አፈርኩና ዋጥኩት።

ዊንቹ እንደገና ሳበ። ፒካፑ ትንሽ ወጣ፣ ትንሽ ወጣ፣ ጋሼም ፈገግ አለልኝ። ከዚያ የዊንቹ ድምፅ ወፈረ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ጆሮ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ደገመው፤ ቀጭ። ፒካፑ አይወርድም፣ አይወጣም። ውሃው ግን ይወጣል።

ጆሮ ባትሪ የሚያውሰው ፍለጋ ወደ መንገዱ ሮጠ። ሁለት መኪኖች ጭቃ ረጭተውት አለፉ። ጋሼ አገጩን መዳፌ ላይ አድርጎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ባትሪው አለቀ አልኩት።

"ያስጠፋሁት እኔ ነኝ በለው" አለኝ። "እንዳትረሳ።"

አንድ አውቶቡስ ቆመ። ሾፌሩ ባትሪውን ከእኛው ባትሪ ጋር በኤሌክትሪክ ገመድ አገናኘ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ዊንቹም ምንም እንዳልተፈጠረ ፒካፑን ስቦ አወጣው። እኔ የጋሼን አገጭ እስከ መጨረሻው አልለቀቅኩም። ውሃው ግን ከእጄ በላይ ሆኖ ነበር።

አሁን መኪናውም ተሳቢውም ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቆመዋል። ጆሮ በየጠዋቱ ይመጣል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ የትም ሳይሄድ እስከ ምሳ ሰዓት መሪው ላይ ተደፍቶ ይቀመጣል። ባትሪው እንዳይደክም ነው ይላል። እህቴ ለምናው ለምናው ተወችው።

ትናንት አጠገቡ ገብቼ የጋሼን የመጨረሻ አደራ ነገርኩት፤ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ በለው ብሏል አልኩት።

"ጋሼ የሚያውቀው የእጁን ዊንች ነው" አለ። "ይሄን የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

ያስመረጥኩህ እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። እንደዚያን ቀን ዋጥኩት፤ ሞተሩም እየሠራ ነበር።