ቀዩ መጋረጃና የቀጠሮው ካርድ

አንድ ማለዳ ባለቤቴ ይስማው ከጓሮ ተመልሶ፣ «እናኑ፣ ሽንቴ ቀላ» አለኝ።

አልደነገጠም። እኔም አልደነገጥሁም። ይስማው እዚሁ ባሕር ዳር በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ነበር የሚሠራው። እጁ ከቀለም ተለይቶ አያውቅም፤ ጎረቤቶቻችን ጥፍሩን እያዩ «ዛሬ ደግሞ ሰማያዊ ሆነህ መጣህ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ያን ሰሞን ለአብዮት በዓል ቀይ ጨርቅ በብዛት ይፈለግ ስለነበር ክፍሉ የሚነክረው ቀይ ብቻ ነበር። «እንፋሎቱ ሆዴ ገብቶ ነው፤ ቀዩ ሲያልቅ ይጠራል» አለ።

«እንግዲያ ለበዓሉ ጨርቅ ካነሰ አንተን እንሰቅልሃለን» ብዬ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አላመመውም። አላቃጠለውም። ሁለት ቀን ይቀላል፣ ሳምንት ይጠራል። ቀዩ ጨርቅ አልቆ ወደ ሌላ ቀለም ሲዞሩ እውነትም ጠራ። «አላልሁሽም?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ መጣ። እንዲህ እያለ ሦስት ወር አለፈ።

እኔን ያነቃኝ አጠባ ነው። ልብስ የማጥበው ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ዝቅ ብሎ፣ ሴቶቹ ሁሉ በየድርሻችን ድንጋይ ከያዝንበት ቦታ ነበር። ጉማሬ ብቅ ሲል ሁላችንም ልብሳችንን እየጣልን እንሸሻለን፣ ሲጠልቅ እየተሳሳቅን እንመለሳለን። ያን ቀን ግን ጉማሬም አልነበረ። የይስማውን የውስጥ ሱሪ ሳነሣ ጠቃጠቆ አየሁበት። ቀለም ነው ብዬ በሳሙና ልፈትገው ስል ገና ውሃ ሲነካው ለቀቀ። እጄ ቆመ። የዚያን ሰው ልብስ ስንት ዓመት አጥቤያለሁ፤ የፋብሪካው ቀለም በፈላ ውሃም አይለቅ። በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቀው ደም ነው። ይህን የማታውቅ ሴት የለችም። ልብሱን እርጥቡን ጠቅልዬ ወደ ቤት ገሠገሥሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። ሽንቱን መረመሩ። በደም ሥሩ መድኃኒት ወግተው ራጅ አነሡት። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ሄማቱሪያ» ብሎ ጻፈ፤ ከሽንት ጋር የሚመጣ ደም ማለት ነው አለን። ራጁ ላይ አንዱ ኩላሊት ደህና አይመስልም ብሎም ለአዲስ አበባ ሪፈር ጻፈልን።

ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም። ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ፣ «የጉዞው ምክንያት?» አለ።

«አንድ ኩላሊት ለማስረከብ» አለው ይስማው።

«ጓድ ይስማው፣ እዚህ ቀልድ የለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድሁ?»

ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና «ለሕክምና» ብሎ ጻፈ። ደብረ ማርቆስ አድረን በሁለተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባን። የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍን።

እዚያ ያለው ሐኪም ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ። እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። በአገራችን ክፉ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፤ እሱም ያንን ያውቃል።

«እናቴ፣ ይቀመጡ። ግራ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ አለ። ካንሰር ይመስለናል።»

ተቀመጥሁ።

«ኩላሊቱ መውጣት አለበት።»

«ሁለቱም?»

«አንዱ። ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል።»

ደም ስጡ ተባልን። እኔ ሰጠሁ። የአክስቴ ልጅም ሰጠ። የኔ ደም ለሱ ይግባ ለሌላ ሰው አላወቅሁም። ለማንም ቢገባ ይባርከው።

የቀዶ ጥገናው ቀን በሩ ላይ ቆምሁ። በሩ ተዘጋ። ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጥሁም። ይስማው የደቅ ደሴት ልጅ ነው። እዚያ ያለችውን፣ ክርስትና የተነሣባትን ቤተ ክርስቲያን አሰብሁና ተሳልሁ። «እመቤቴ፣ በሕይወት ካወጣሽልኝ ለመቅደስሽ መጋረጃ አገባለሁ» አልሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ፀሐዩ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረ። ሐኪሙ ወጣ። «ኩላሊቱን ከነዕጢው አውጥተነዋል። ነቅቷል» አለኝ። ያን ጊዜ ተቀመጥሁ።

ስንሰናበት ሐኪሙ ካርድ ሰጠኝ። ቃሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ። «ይህ በሽታ ወጣ ተብሎ አይታመንም። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በየስድስት ወሩ ያምጡት። ደህና ቢመስልም ያምጡት።»

ከዚያ በኋላ ደስ የሚሉ ወራት መጡ። ይስማው መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት አጥር፣ ከዚያ ዱላ ይዞ እስከ ሐይቁ ዳር እየሄደ፣ ደንገሉ ሥር ተቀምጦ ታንኳ ሠሪዎቹን እንዲህ እሰሩት፣ እንዲያ አጥብቁት እያለ ሲያስቸግራቸው ይውላል። አቅሙ ሲመለስ የመጋረጃውን ጨርቅ ራሱ መረጠ፤ ደማቅ ቀይ፣ ዳር ዳሩን ጥልፍ ያለበት። «ከቀይ ጋር መታረቅ አለብኝ» አለኝ። በሳምንት አንዴ በምትሄደው ጀልባ ተሳፍረን፣ ሐይቁ ጸጥ ብሎ፣ መጋረጃውን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ደቅ ገባን፤ የይስማው ዘመዶች ከወደቡ ጀምረው በእልልታ ተቀበሉን፤ መጋረጃው ሲሰቀል የነፍስ አባታችን መምሬ ቢተው ይስማውን ግንባሩን ሳሙት፤ እኔም ያን ቀን የጎደለብኝ ነገር አልነበረም።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ግንቦት ሲደርስ ካርዱን አወጣሁ። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የላከኝ የለም፤ ግን በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ተቀምጬ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ አላነበብሁትም ልል አልችልም። ጣቴን እያስኬድሁ አንብቤዋለሁ። ቀኑ ተጽፏል። ይስማው ደግሞ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ ይበላል፣ ይሥቃል። ስለቴ ደርሶልኝ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ እልል ተብሎ ሲያበቃ፣ አሁን ሐኪም ደጅ ቆሜ «እስቲ ድኖ እንደሆነ እዩልኝ» ብል እመቤቴን የተጠራጠርሁ መሰለኝ። የተሰጠኝን መልሼ የምመረምር መሰለኝ። ቄስ አልከለከለኝም። ሰው አልመከረኝም። ራሴ ነኝ። ካርዱን ከልብስ ሣጥኑ ሥር ከተትሁና ከደንሁት።

ኅዳርም አለፈ። የሚቀጥለው ግንቦትም አለፈ።

መስከረም ላይ ነው። የይስማውን ጀርባ ሳጥብ እጄ ጠባሳው ሥር ደረሰ። እብጠት አለ። የሾላ ፍሬ ያህላል። ጠንካራ ነው። ስጫነው አይንቀሳቀስም።

«ምነው ቆምሽ?» አለኝ።

«ሳሙናው አምልጦኝ ነው።»

«የተሰፋሁበት ክር ነው እሱ። አውቀዋለሁ፣ ከርሟል።»

ከርሟል። ይህን ቃል ሰምቼ ውሃውን አፈሰስሁበት። ሌላ ምን ላድርግ።

ዕውቀት ያለው ሰው በማግስቱ አውቶብስ ይሳፈራል። እኔ ግን ለሰው የማልነግረው ነገር ነበረብኝ። ዘመድ ልጠይቅ ብዬ በዚያችው ጀልባ ደቅ ሄድሁ። ሐይቁ ይናወጥ ነበር፤ አንዲት ሴት ዶሮዎቿን አቅፋ «ካልጮኽሽ አትሰምጪም» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ፊቴ የፈራ ሰው ፊት ስለሆነ ማዕበሉን የፈራሁ መስሏት ነው። መምሬ ቢተውን ከደጀ ሰላሙ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው። ካርዱንም አውጥቼ አሳየኋቸው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከውስጥ ቀዩ መጋረጃ ይታየኛል፤ ወዲያ ማየት አቃተኝ።

ካርዱን አገላብጠው አዩት። ተቆጡ።

«እና ሰውየውን ትተሽ ወደ እኔ መጣሽ? እኔ እብጠት እቆርጣለሁ?»

«አባቴ፣ ስለቱን ከፍዬ…»

«ስለት ከፈልሽ። ደግ አደረግሽ። ሐኪሙን አባርሪው ብላ እመቤቴ ነገረችሽ?»

«የተጠራጠርሁ እንዳይሆንብኝ ነው፣ አባቴ።»

«ያን ሐኪም ማን ያቆመው መሰለሽ፣ አንች ሴት? ይህስ ቀን በማን ፈቃድ ተጻፈ?» ካርዱን በጣታቸው መቱት። ከዚያ ድምፃቸው ረገበ። «ቀኖና እንድሰጥሽ ትፈልጊያለሽ?»

«ይስጡኝ።»

«ስግደት አልሰጥሽም። ጾምም አልጨምርብሽ። እዚህ ካርድ ላይ የሚጻፈውን ቀን እንደ በዓል ታከብሪዋለሽ። አንዱንም ሳታስታጉይ። ለሱም ትነግሪዋለሽ፣ ቢላዋ ሳይነካው በፊት። አሁን ተነሺ፣ ጀልባው ሳያመልጥሽ።»

መቶ ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ያለው ሐኪም አልተለወጠም። ዳሰሰው። ራጅ አስነሣው። ሳንባው ንጹሕ ነው አለ። እብጠቱ ግን ያው በሽታ ነው፣ ኩላሊቱ በነበረበት ቦታ ተመልሷል አለ። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ «የት ከረማችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት። «ያን ጊዜ ባመጣው ይድን ነበር?»

ራጁን እንደገና ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየው። «ትንሽ ሆኖ አገኘው ነበር። ከዚህ የበለጠ ብነግርዎ ውሸት ይሆናል።»

በሁለተኛው ቀዶ ጥገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ከይስማው አልጋ ጎን ተቀመጥሁ። ብርቱካን እየላጥሁለት ነበር። ነገርሁት። ስለ ካርዱ፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ግንቦት። ያለፈውን ብቻ አይደለም፣ የበሽታውንም ስም ነገርሁት። ካንሰር ነው አልሁት። እስከዚያ ቀን አልነገርሁትም ነበር።

ብርቱካኑን አልተቀበለኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እኔም አልተነሣሁም።

ሲቆይ፣ ሳይዞር፣ «ካርዱ ሣጥን ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ» አለ። «ክራባቴን ስፈልግ አግኝቼዋለሁ። አንች ባትደብቂው እኔ እደብቀው ነበር። እንደገና መቆረጥ ፈርቼ ነበር።»

ይስማው ክራባት አድርጎ አያውቅም። እውነት ይሁን፣ እኔን ከጭንቀት ሊያሳርፈኝ ፈጥሮት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። «በይ ስጭኝ» አለና ብርቱካኑን በላ።

ሁለተኛው ከፊተኛው ከበደ። ደም ብዙ ፈሰሰው። ሁለት ቀን አላወቀኝም። ትኩሳት መጣ። ቁስሉ መግል ያዘ። አንድ ቀን ነርሷ ሳትናገር ትከሻዬን ነካ አድርጋ አለፈች። ያን ቀን ተስፋ ቆረጥሁ። አልዋሽም፣ ቆረጥሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ «አንች፣ ያች ብርቱካን ቀርታለች?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ እየተመላለስን፣ መንገዱ ላይ ያሉትን ኬላዎች አንድ በአንድ እያወቅን፣ ደብረ ማርቆስ የምናድርባት ሴትዮ ስትወልድ እየጠየቅናት፣ ዓመታት አለፉ። ፋብሪካው ቀለሙን አስትቶ ቀለል ያለ ሥራ ሰጥቶታል፤ ጥፍሩ ነጭ ሆነ፣ ጎረቤቶቻችንም የሚቀልዱበት አጡ። ካርዱ ከሣጥን ወጥቶ ከእመቤቴ ሥዕል ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቀኑ በቀረበ ቁጥር ግን ጀርባውን ሳጥብ እጄ ጠባሳው ላይ ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ይህ የሚለቅ ፍርሃት አይደለም፤ ይለቃል የሚላችሁን አትመኑ። አብሮ መኖር ይለመዳል።

ያን ሐኪም እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው። ትከሻዬን የነካችኝን ነርስ፣ ደሙን የሰጠውን የአክስቴን ልጅ፣ ተቆጥተው ያዳኑኝን መምሬ ቢተውን አመሰግናለሁ።

ባል ወይም ሚስት በዚህ በሽታ ለተያዘባችሁ የምለው ይህን ነው። ሽንት ሲቀላ ባያምም ሂዱ፤ ምክንያት አትፈልጉለት። ከበሽተኛው አትደብቁ፤ ስደብቀው ብቻዬን የቀረሁት እኔው ነኝ። ተሳሉ፣ ስለታችሁንም በእልልታ አግቡ። ከዚያም ካርዱን አንብቡና በቀኑ ሂዱ። መሄድ አለማመን አይደለም። ይህን ለመማር እኔ ብዙ አስከፍያለሁ፤ ያስከፈልሁትም ሌላ ሰው ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። በሶው ተፈጭቷል፣ የይለፍ ወረቀቱ ተፈርሟል። ይስማው ደጃፍ ላይ ጫማውን እየጠረገ «ኧረ ጨርሽ፣ መጽሐፍ ሆነ እኮ» ይለኛል። ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። ምን እንደሚሉን አላውቅም። እንሄዳለን።