የመምህር ጴጥሮስ የበረዶ ውኃ

መምህር ጴጥሮስ አረፉ ማለት አሁንም ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ማክሰኞ ጠዋት ሶዶ፣ ቤታቸው በር ላይ ጫማቸውን ሲያስሩ ወደቁ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱም ሕይወታቸው አለፈ። ኧረ እንዴት ይሆናል? ከመውደቃቸው አንድ ሰዓት በፊት እኮ በስልክ ሲቆጡኝ ነበር! «ሐሙስ ወደ ቢጠና ጤና ኬላ አብረን እንሄዳለን፤ በረዶ እንዳትረሳ!» ብለውኝ ነው የዘጉት።

የምታውቋቸው ሁሉ ይህን በረዶ ታውቁታላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩን፣ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ማይክሮኮንትሮለር ከሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘ ተማሪ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ስላየ ብቻ ጨረስኩ ማለት አይችልም ነበር። ሴንሰሩን በረዶ በሞላበት ውኃ ይነክራል፤ ያውም ዕቃው በሚሠራበት ቦታ፣ ሌላው ማሽን ሁሉ እንደበራ። ከዚያ «ስንት አለ?» ይባላል። በረዶ ያለበት ውኃ ዜሮ ዲግሪ ነውና፣ ዜሮ ካላለ ፈትቶ እንደገና መሥራት ነው። «ሴንሰሩ የሚሰጥህ ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ ዲግሪ ያደረግኸው አንተ ነህ» ይሉን ነበር። ከተመረቅንም በኋላ ስንደውልላቸው ሰላምታቸው «ስንት አለ?» ነበር።

እኔ ግን ስመረቅ ልቤ አበጠ። ዲምቱ አካባቢ ላለ አንድ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣው ሲሞቅ የሚጮህ ማንቂያ ስሠራ በረዶውን ዘለልኩት። ማይክሮኮንትሮለሩ የሴንሰሩን ቮልቴጅ የሚለካው ከራሱ የኃይል ምንጭ ጋር እያነጻጸረ ነበር። የማቀዝቀዣው ሞተር በተነሳ ቁጥር ኃይሉ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይዘላል፤ ማንቂያውም ይጮሃል። ነርሷ ሲስተር ማርታ ሲሰለቻት ነቀለችው። ማቀዝቀዣው የእውነት ቢሞቅ ኖሮ የሕፃናቱ ክትባት ማንም ሳያውቅ ይበላሽ ነበር።

ስነግራቸው መምህር አብረውኝ ሄዱ። የማንቂያውን ክዳን ከፍተው ገና ሲያዩት ገባቸው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እርሳቸው ግን ወደ ሲስተር ዞረው፣ «ይቅርታ፤ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው» አሉ።

«ኧረ መምህር! እርስዎ ደግሞ ምን አጠፉ?» አለቻቸው።

«ማስተማሬን አልጨረስኩም» ብለው ማነጻጸሪያውን ወደማይዋዥቅ ቮልቴጅ አዞሩት።  ሶዶ ደርሰን ከመኪና ስንወርድ፣ «ሁለተኛ አልሸፍንልህም» አሉኝ። ያን ቀን ጠልቻቸው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የቢጠናው ማንቂያ ሁለተኛዬ ነበር። እርሳቸው ሳያዩት ላላበራው ቃል ገብቼ ነበር። ረቡዕ ቀበርናቸው።

መምህር፣ ሐሙስ ቢጠና ብቻዬን ሄድኩ። በረዶውን አልረሳሁም። ሞተሩ እየሠራ ሴንሰሩን ነከርኩና ጠበቅሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ስልኬን አውጥቼ ወደ እርስዎ ደወልኩ። ባለቤትዎ ወይዘሮ አስቴር አነሡ። ምን ልበላቸው? «ቢጠና ነኝ» ብቻ አልኳቸው። እርሳቸውም ልክ እንደ እርስዎ፣ «ስንት አለ?» አሉኝ።

ዜሮ ብሏል፣ መምህር። የቢጠናዋ ነርስም አብርታዋለች። እንግዲህ ይረፉ።