ዘሀራ ያረመችው የቤት ሥራ

ቀይ እስክሪብቶ በያዝኩ ቁጥር እህቴ ዘሀራ ትመጣብኛለች። ቆቦ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና በቀን ስንቴ እንደምትመጣብኝ መገመት ነው።

ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። በሁለት ዓመት ብትበልጠኝም ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ፣ ከእኔ ጋር ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ማነጻጸር ሲያስተምሩ ሁለት ልጅ ጀርባ ለጀርባ ያቆሙና «ማን ይረዝማል?» ይላሉ፤ እኛ በአንድ ድምፅ እንጮሃለን። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሁለተኛውን ሰው ግስ፣ «ኢዝ»ን የዘለለ ወዮለት! «እሱስ ሰው አይደለም? ግሱን ስጡት እንጂ!» ይሉ ነበር። ያ የጠመኔ ብናኝ፣ በመስኮት የሚገባው የማሽላ እሸት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

በዚያው ዓመት እናታችን አልጋ ያዘች። አንዳችን ትምህርት ትተን ልናስታምማት ግድ ሆነ። አባቴ ዘሀራን ሴት ናት ብሎ አልፈረደባትም። «የሚበልጠው ይማራል። ነገ ደብተራችሁን አያለሁ» አለ።

የቤት ሥራችን የቤተሰባችንን ሰዎች ማነጻጸር ነበር። እኔ ጉረኛው ከእህቴ እንደምበልጥ ጻፍኩ፤ ያውም «ከእሷ» የሚለውን ተሳስቼ፣ «ዛን ኸር ኢዝ» ብዬ። ዘሀራ አይታ ሳቀች። «ኧረ ሰይዴ፣ መምህር ይስቁብሃል!» ብላ ሰረዘችና በእጇ «ዛን ሺ ኢዝ» አደረገችው። እኔም ገልብጬ ጻፍኩት።

በማግስቱ አባቴ ደብተሮቻችንን እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ጎረቤታችን አሳየ። የእኔ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። የዘሀራ ገጽ ባዶ ነበር፤ ውሃ ስትቀዳና እናታችንን ስታጥብ ነበር የዋለችው። «ወላሂ አላዳላሁም» አለ አባቴ፣ አይኑን ከእሷ እያሸሸ። እሷ ናት ያረመችልኝ ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን እህቴን ከትምህርት አስቀራት።

እናታችንም አልዳነች። ዘሀራ ከጥቂት ዓመት በኋላ ዓረብ አገር ሄደች፤ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ታጸዳለች። ባለፈው ረመዳን በስልክ ሁሉንም ተናዘዝኩላት።

«የእኔን ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ መስሎህ ነው?» አለችኝ። «እማን አንተ ልታጥባት ነበር?»

ድሮ ቀይ እስክሪብቶ እፈራ ነበር፤ ዛሬ ያዡ እኔ ነኝ። ተማሪዎቼን ጀርባ ለጀርባ አላቆምም። ግመልና አህያ አነጻጽሩ እላቸዋለሁ። ከእህቱ እንደሚበልጥ የሚጽፍ ልጅ ግን አይጠፋም። አንድም ስህተት ባይኖርበት እንኳ፣ ትክክል ብዬ ምልክት ላደርግለት እጄ እምቢ ይለኛል።