ሰብአ ሰገል የረሱት ወተት

የያዙኝ ከመሥሪያ ቤቴ ለምሳ ስወጣ ነው። ስብሰባ ላይ ተነስቼ የተናገርኩት ነገር ነበር፤ ዛሬ ብደግመው ማንም አይደነግጥም። ያኔ ግን ለጅጅጋ በዛ። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቶ ከዚያ በላይ ቀለም አልቆባቸው ይመስላል። ጥግ ላይ ሽርጥ የታጠቁ፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝና ጫማዬን በአገጫቸው ጠቆሙኝ። የሚሰግዱበት ምንጣፍ ላይ ቆሜ ኖሯል። አወለቅኩ።

ከጅጅጋ ወዲያ ካለችው ከሀርሺን የመጡ የግመል ነጋዴ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነበር፤ እሱ እስኪገኝ አባትየውን ያዙ። እኔ እንደ አጎት “አደር” እላቸዋለሁ፣ እሳቸው “ወርያ” ይሉኛል፤ አንተዬ እንደ ማለት ነው።

ጠዋት ጠዋት ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ስንቅ የመጣለትን ሰው ስም ይጠራል። የሳቸው ይጠራል፤ እህታቸው በትንሽ ቢጫ ጀሪካን፣ ጭስ ጭስ የሚል የግመል ወተት ትልክላቸዋለች። የእኔ አይጠራም። ቤተሰቦቼ ድሬዳዋ ናቸው፣ የት እንዳለሁ አያውቁም። ጓደኞቼ ደግሞ እዚያ በር ላይ መታየት ፈርተዋል። አልፈርድባቸውም። ብቻ ስም መጠራት ሲጀምር ጆሮዬ በራሱ ጊዜ ይቆማል፣ ሲያልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ወተቱን ሲያቀርቡልኝ እምቢ አልኩ። የገና ጾም ገብቶ ነበር። ቀበቶዬን፣ ሰዓቴን፣ ስልኬን ወስደውብኛል፤ ጾሜን ግን ማን ይወስድብኛል? ሙጭጭ አልኩበት። በደረቅ ዳቦና በሻይ ሰነበትኩ።

“በገና ምን ታደርጋላችሁ?” አሉኝ አንድ ከሰዓት።

ሰንበት ትምህርት ቤት የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሕፃኑ በከብቶች በረት ተወለደ፤ ሰብአ ሰገል የሚባሉ ጠቢባን ከምሥራቅ መጥተው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ሰጡት። ስጦታ የምንሰጣጣው እነሱን አይተን ነው፤ ግን ዋናው ስጦታ ሕፃኑ ራሱ ነው፣ እግዚአብሔር ምንም ሳንሰጠው የሰጠን።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ፣ “በምን መጡ?” አሉ።

“በግመል ይባላል።”

“ግመል ይዘው ወተት አላመጡም?”

“ወተት የሚል አልሰማሁም።”

“ዋላሂ ጠቢብ አይደሉም! የወለደች ሴት ወርቅ ምን ያደርግላታል? መርየምን እኛም እናውቃታለን። ቁርኣን ላይ ስትወልድ ተምር በልታለች። ወተት ግን ማን ሰጣት?” ከልባቸው ተቆጥተው ነበር። እዚያ ክፍል ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

የገና ዋዜማ ዕለት የመጣላቸውን ወተት አልነኩትም። ቀኑን ሙሉ ጀሪካኑ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። ምግብም አልቀመሱም። ያመማቸው መስሎኝ ፈራሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ሰግደው ሲጨርሱ፣ ኩባያ ሞልተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

“እንካ፣ ወርያ። በዓልህ ገባ። እኔም ዛሬ ከአንተ ጋር ጾምኩ።”

ለእሳቸው በዓል የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የእኛ ጾም የሚፈታው ግን ሌሊት ተቀድሶ ነው። ኩባያውን ይዤ ቀረሁ። ብጠጣው የቀረችኝን አንዲት ነገር በገዛ እጄ ላፈርሳት ነው፤ ብመልሰው ደግሞ ማንም ባላስታወሰኝ አገር የጾመልኝን ሰው ላሳፍር ነው።

“አደር፣ የእኛ የሚፈታው ቤተ ክርስቲያን ተቀድሶ ሲያበቃ ነው” አልኳቸው በመጨረሻ።

ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ኩባያውን ተቀብለው፣ ጠብታ ሳያፈሱ ወደ ጀሪካኑ መለሱት። “እሺ፣ አብረን እንጠብቃለን” አሉና በውሃ ብቻ አፈጠሩ።

ሌሊቱን ከሩቅ ሲሰማ ያደረው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሊነጋ ሲል ዝም አለ። ቅዳሴው ማለቁ ነው። ሽማግሌው ጀሪካኑን ሲከፍቱ በሩ ተበረገደ። “አንተ ሽማግሌ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ!” አለ ጠባቂው።

ሳይነሱ፣ “ቆይ፣ በዓል ነው” አሉት።

ጠባቂው ለምን እንደቆመ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ቆመ። ሽማግሌው ቀዱልኝ፤ ጠጣሁ። ኮምጥጧል፣ ምላስ ይቆነጥጣል። የተረፈውን እሳቸው ጠጡ። ኩባያውን አለቀለቁ፣ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፣ ጺማቸውን ጠረጉ። የምሰጣቸው ነገር ፈልጌ ኪሴን ዳበስኩ፤ ባዶ ነው። አዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወጡ። የቀረሁት ከባዶ ጀሪካኑ ጋር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም።

ከተፈታሁ በኋላ ሀርሺን ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። እንደተፈቱ የነገረኝም፣ እንዳልተፈቱ የነገረኝም አለ። ሁለቱም ሲያወሩ ዓይኔን አላዩም።

ዛሬ ዛሬ በገና ልጆቼ ልብስ ይገዛላቸዋል፣ እኔም ከባለቤቴ ሸሚዝ ይደርሰኛል። ድሮ ስጦታ ስቀበል ወዲያው ምን ልመልስ ብዬ እጨነቅ ነበር። አሁን አመሰግናለሁ፣ እለብሰዋለሁ።

ዘንድሮም በዋዜማው ወተት ተራ ወረድኩ። ሻጯ ጀሪካኔን እየሞላች፣ “ዛሬውኑ ጠጣው፣ ካደረ ይኮመጥጣል” አለችኝ።

“ይኮምጥጥ” አልኳት። “የምጠብቀው ሰው አለ።”