ስድስት ቀን የተለጠፈ ካርታ

ሠረቀብርሃን ካይሮ ውስጥ ፋይሰል ጎዳና ላይ ባለች አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ ይዞ፣ የሰው ማመልከቻ እየጻፈ ይኖራል። የስደተኞች ቢሮ ቅጽ የሚሞላ፣ ለአከራዩ ደብዳቤ የሚፈልግ፣ አገር ቤት ካለ መሥሪያ ቤት ጋር የሚካሰስ፣ ሁሉም “ጋሼ ሠረቀ ጋ ሂድ” ይባላል። የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ነው፤ ቁጥርና ቀን አይስትም። ይህን የተማረው በአንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ ነው። ስለ ራሱ ግን አያወራም። ሰውም ጭምት ነው ብሎ ያከብረዋል፤ ጭምትነቱ ግማሹ ፍርሃት መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የመሬት ነገር ከሩቅ ሲያዩት ግዙፍ ነው። አዲስ አበባ ያለው ሚኒስቴር መመሪያ ያወጣል፤ የክልሉ ቢሮ መመሪያውን ወደ ዕቅድ ይለውጠዋል፤ ዞኑ ዕቅዱን ለወረዳዎች ያከፋፍላል፤ የወረዳው ባለሙያ ደግሞ የቀበሌውን ኮሚቴና አዋሳኝ ገበሬዎችን አስከትሎ ድንበር ለድንበር እየዞረ ይለካል። ይህ ሁሉ ሰንሰለት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ካርታውን በቀበሌው ግድግዳ ላይ በሚለጥፈው ሰው እጅ ነው። ካርታው ሠላሳ ቀን ይለጠፋል፤ ስሙ የተዘለለ፣ ድንበሩ የተገፋ ሰው መጥቶ አይቶ ቅሬታውን ያስመዘግባል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ባለቤት ያልቀረበበት መሬት የመንግሥት ተብሎ ለባለሀብት ወደሚታደልበት የመሬት ባንክ ይገባል። ከላይ ያለው ቢሮ ሁሉ የሚያውቀው ያ ግድግዳ የነገረውን ብቻ ነው።

ለጣፊው ሠረቀብርሃን ነበር። አንድ ሰኔ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለገሠ ጠራውና “ሪፖርቱ ሐምሌ ሳይገባ ዞን መድረስ አለበት። የቀረችውን ቀበሌ ጨርሳት” አለው። ካርታው ከተለጠፈ ገና ስድስት ቀኑ ነው።

“ሠላሳው ቀንስ?”

“ማን መጥቶ ሊያየው ነው?” አለ ለገሠ።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ እነሱም ነከሱ። ሠረቀብርሃን ካርታውን ነቀለና በቃለ ጉባኤው ላይ “ለሠላሳ ቀናት ለሕዝብ ይፋ ሆኗል” ብሎ በዚያ ንጹሕ ጽሑፉ ጻፈ። ሁለቱም ፈረሙ።

በዓመቱ ለገሠ ሌላ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያመጣለት ግን እንቢ አለ። በእንቢታውም ታሰረ፤ ሲፈታ አገር ጥሎ ወጣ። ካይሮ ደርሶ ለስደተኞች ቢሮ የተናገረው ይህንን እንቢታውን ነው። የፈረመበትን ሰኔ አላነሳም። አልዋሸም፤ እውነቱን ከመሀል ጀመረው እንጂ።

በመስከረም መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ፣ ከፍያለች የምትባል ሴት መጣች። ከከተማው ዳር፣ ሸይኽ ዛይድ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትወጣ ናት። የቀበሌዋን ስም ስትጠራ የሠረቀብርሃን እስክሪብቶ ቆመ።

“እናቴ ዓለምነሽ ትባላለች” አለች። “መሬቷ ከግጦሹ ጥግ ነው። ካርታው ሲለጠፍ ወንድሜን ይዛ ሆስፒታል ነበረች፤ ስትመለስ ካርታው ተነሥቷል። ይኸው አሁን ድንጋይ ለሚፈጭ ድርጅት ተሰጠ።”

“ከስሳችኋል?”

“ከስሰን ‘ሠላሳ ቀን ሙሉ ሲለጠፍ የት ነበርሽ?’ አሏት። ጠበቃችን ቃለ ጉባኤው ላይ ከፈረሙት አንዱ ‘ሠላሳ ቀን አልቆየም’ ብሎ ቃሉን ቢጽፍ እንደገና ይታያል ይላል። አንደኛው ሞቷል።”

“ሁለተኛውስ?”

ከፍያለች ለአፍታ አየችው። “አገር ውስጥ የለም ይላሉ። ቀጠሮው ጥቅምት ሃያ አምስት ነው።”

ማመልከቻውን ጻፈላት፤ አሳምሮ ጻፈው። በየዓርቡ በሚክሮባስ ታክሲ እየመጣች “ማሌሽ ጋሼ፣ አስቸገርኩዎት። ሌላ የሚጨመር ነገር የለም?” ትለዋለች። እሱም አንድ የአዋጅ አንቀጽ ይጨምርላታል። የሚጨመረው ምን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም። ቃሉን ቢሰጥ የስደተኛ ፋይሉ እንደገና ይገለጥ ይሆናል፤ “እንቢ ያልኩ ነኝ” ያለው ሰው “ፈርሜያለሁ” ቢል ማን ያምነዋል? ከነገሩ ጦም እደሩ ይላል ለራሱ። ቃሉን ሁለት ጊዜ መጻፍ ጀምሮ ቀደደው። ያሳፍራል፤ እሱም ያፍር ነበር፣ ማፈሩ ግን ጽሑፉን አላስጨረሰውም።

በአራተኛው ዓርብ ከፍያለች ማመልከቻውን ከተቀበለች በኋላም አልሄደችም።

“እንግዲህ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው” አለች።

“እግዚአብሔር ያውቃል” አላት። ከዚያች ቀን ወዲህ ይህችን ቃሉን ባስታወሰ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል።

ማክሰኞ ሥራ አልያዝለት አለ። ረቡዕ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ጻፈ፤ ስድስቱን ቀን፣ የለገሠን ትእዛዝ፣ የራሱን ፊርማ። ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ይተላለፋል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር። ዓርብ ስትመጣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ሁለቱን ገጽ ዘረጋላት።

“ሁለተኛው ፈራሚ እኔ ነኝ፣ ከፍያለች።”

“አውቃለሁ” አለች። አልደነገጠችም። “ስምዎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ከሸይኽ ዛይድ እዚህ ድረስ የምመላለሰው ለምን መሰለዎት? ማመልከቻ የሚጽፍማ እዚያም አይጠፋም።”

“ታዲያ ምነው አልጠየቅሽኝ?”

“እናቴ ከልክላኝ ነዋ። ‘አትለምኚው፤ ተለምኖ የሰጠውን ቃል ዳኛ ፊት ይክደዋል። የማን ልጅ እንደሆንሽ ንገሪውና ተይው፤ ሰው ከሆነ ራሱ ይናገራል’ አለችኝ። ዓርብ ማታ ማታ እየደወለች ‘ተናገረ?’ ትለኝ ነበር።”

“ማክሰኞስ?”

“ዘጉት። ከእንግዲህ ይግባኝም የለው። ኸላስ፣ አለቀ ጋሼ።”

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ከፍያለች ሁለቱን ገጽ ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

“ዛሬም መደወሏ አይቀርም” አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። “ተናገረ እላታለሁ። ቀኑን ብቻ ባትጠይቀኝ።”