መልስ የማትጠብቅ እናት

መርሳ ላይ በመንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው መጠበቅ አያውቅም። ከውርጌሳ በኩል የመጣ አውቶቡስ ቆመ ቢባል ሹፌሩ የታሸገ ውሃ ገዝቶ እስኪመለስ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም ፈጣኗ ነበርኩ። ተሳፋሪው አፉን ሳይከፍት ማንጎውን በመስኮት አስገብቼ ጭኑ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «ይጣፍጣል? አዎ ይጣፍጣል። ይበቃሃል? አይበቃህም፣ ልጨምርልህ» እያልኩ ጠያቂዋም መላሿም እኔው ነኝ። ሰውየው እምቢ ልበል አልበል ሲል ሒሳቤን እቀበላለሁ፤ አውቶቡሱ ይነሳል። በዚህ ችሎታዬ እኮራ ነበር።

ልጄ ዓመት ከስምንት ወር ሞልቶት አንድ ቃል አልወጣውም። ከጎኔ ብርቱካን የምትሸጠው ጎረቤቴ ልጅ በአንድ ወር ታንሰዋለች፤ እሷ «እማ» ትላለች፣ «እምቢ» ትላለች፣ ዶሮ ታባርራለች። የኔው ዝም። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ጆሮው ይሆን እያልኩ ከኋላው ሄጄ አጨበጭባለሁ። የድስት ክዳን ሆን ብዬ እጥላለሁ። ሲዞር ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ «በድምፁ ነው ወይስ መሬቱ ሲነዝረው?» ብዬ እንደገና እጥላለሁ። በኋላ በኋላ ክዳኑን እጄ ላይ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ።

«ኧረ ልጁን አታስደንብሪው» አሉኝ አማቴ። «ያባቱ አፍም የተፈታው ቆይቶ ነው። ኢንሻአላህ ይናገራል።»

ባሌ እስካሁንም በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይናገር ሰው ስለሆነ ይህ ብዙም አላጽናናኝም።

አንድ ማክሰኞ አዝዬው ወልድያ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ሰው ለማውረድ ቢቆም ሹፌሩን ተቆጣሁት። ጤና ጣቢያ ያገኙን ባለሙያ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ከኋላው ቀስ ብለው በወረቀት አንኮሻኮሹ፤ ዞረ። በስሙ በሹክሹክታ ጠሩት፤ ዞረ። ጆሮውን በመሣሪያ አዩና «ይሰማል» አሉኝ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው ተቀመጡ። ልጁ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ። ክዳኑን ከፍቼ ብስኩቱን አጎረስኩት።

«ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ።

«ብስኩት ነዋ።»

«ነገረሽ?»

«በምን አፉ ይነግረኛል?» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ።

«መቼ ጊዜ ሰጠሽው፣ ልጄ? ስትጠይቂው አንቺው ትመልሻለሽ። ሳይጠይቅሽ ትሰጪዋለሽ። ምን ቀረውና ይናገር?»

ከዚያ ነገሩኝ፦ የሚያየውን ነገር ስሙን ጥሪለት፣ ጠይቂው፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ፊቱን እያየሽ ጠብቂ። ምንም ዓይነት ድምፅ ያውጣ፣ እንደ ቃል ቆጥረሽ መልሺለት። ከሁለት ወር በኋላ ካልተለወጠ አምጪው።

በመመለሻዬ መንገዱን ሁሉ አፈርኩ። የገዛ ልጄን እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ነበር የያዝኩት። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

መጠበቅ ግን ሥራ ነው፣ ማንም አይንገረኝ። «ሙዝ ነው የምትፈልገው?» እለውና በልቤ እስከ አሥር መቁጠር እጀምራለሁ። አራት ላይ እጄ ይነሳል። እጄን ጭኔ ሥር አስገብቼ እቀመጥበታለሁ። ስድስት ላይ ምላሴ ይበላኛል። «ያረቢ ሰብር ስጠኝ፣ ትዕግሥት ስጠኝ» እላለሁ፣ እሱንም ቢሆን በጥድፊያ። ልጁ ግራ ገብቶት ያየኛል፣ ይነጫነጫል፤ ጎረቤቶቼ ልጇን በረሃብ ትቀጣለች ብለው አሙኝ። በሦስተኛው ሳምንት «እ» አለ። «እሺ፣ ሙዝ» ብዬ ሰጠሁት። ሌላ ሳምንት አለፈ፤ ከ«እ» አልዘለለም። እኔም ማታ ማታ አንዳንዴ ተስፋ ቆርጬ ዝም ብዬ አጎርሰው ነበር።

አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና፣ ከማንጎው ክምር አጠገብ ተቀምጠን እጁን ወደ ውሃው ጆግ ዘረጋ። «ምን ልስጥህ? ውሃ?» አልኩት። ያኔ አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ መጥቶ ቆመ። ሻጩ ሁሉ ሮጠ።

«ምን ነክቶሽ ነው? ተነሽ እንጂ!» አለችኝ ጎረቤቴ፣ ብርቱካኗን እንደታቀፈች።

እግሬ ሊነሳ ነበር። ልጄ ግን አፌን እያየ ነበር፤ ከንፈሩ እንደኔ ሊሆን ይሞክራል። ተቀመጥኩ። መቁጠሩም ጠፋብኝ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ፣ አቧራውን ለቆብን ሄደ።

«ውአ» አለ።

ከጆጉ በኩባያ ስቀዳለት ግማሹን እላዩ ላይ ደፋሁት። «ውሃ! እንካ፣ ውሃ!» እያልኩ አለቀስኩ። አንድ ጊዜ ተጎነጨና ኩባያውን መለሰልኝ። ወዲያው ዓይኔን እያየ «ውአ» አለ። ሰጠሁት። አልጠጣውም፤ መለሰልኝና ደግሞ «ውአ» አለኝ።

አልጠማውም ነበር። ሲጠራኝ እንደምሰማው እያረጋገጠ ነበር።