የደሜን ስብ ላስለካ ድሬዳዋ

ከኤረር የተነሳሁት የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ጡቴ ሥር ወሽቄ ነው። ምክንያቱ ላይ «ለሕክምና» ተብሏል፤ «ለፍርሃት» ቢሉት ይሻል ነበር። ስኳር በሽታ መጀመሪያ የእናቴን ዓይን፣ ቀጥሎ ራሷን ወስዶብኛል። እኔም እንደሷ ወፍሬያለሁ። ሰው «ተመችቶሻል!» ይለኛል፤ ትንሽ ስራመድ ግን ትንፋሼ ይቆራረጣል። የድሬዳዋው ሐኪም ደሜ ውስጥ ያለውን ስብና ስኳር ሊለካ፣ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ከውሃ በቀር እንዳልቀምስ አዞኛል።

ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የምትነግድ ሶማሌ ተምር ዘረጋችልኝ።

«ዋላሎ፣ እህቴ፣ ብዪ እንጂ! ይሄ ሁሉ ሰውነት በምን ይኖራል?»

ክልከላው የሚጀምረው ማታ ቢሆንም ፈርቼ አልነካሁም።

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ጠዋት

ያደርኩት ያሳደገችኝ አክስቴ ብርቄ ጋ ነው፤ እሷም እንደኔው ግዙፍ ናት። ስነሳ ገንፎ አገንፍታ፣ መሐሉን በቅቤ ሞልታ ጠበቀችኝ።

«ደም የሚቀዳ ሰው ባዶ ሆዱን ይወጣል? ተዝለፍልፈሽ ልትወድቂ?»

«ሐኪሙ ከልክሎኛል!»

«ሐኪሙ ነው ያሳደገሽ? በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይባላል? አፌን ከፈትኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ደገመች፤ ሠለሰች።

ሐኪም ቤት ስደርስ ሐኪሙ መርፌውን ይዞ «የቀመስሽው አለ?» አለኝ። መዋሸት አማረኝ፤ ግን የእናቴ ነገር ትዝ አለኝና ተናዘዝኩ።

«ታዲያ የምለካው ያንቺን ደም ነው የገንፎውን ቅቤ? ነገ ተመለሺ።»

ሌላ ቀን ጭንቀት! በጋሪ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቤት እንደደረስኩ አክስቴ ላይ ጮህኩባት። አለቀሰች። «በቃ፣ ነገ እኔም ሳልቀምስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ

ቃሏን ጠበቀች። ሐኪሙ ሁለታችንንም አየና «እርስዎም ካልበሉ ይቀዱ» አላት።

«ከኔ ደም ምን ሊገኝ!» ብላ እየሳቀች ክንዷን ሰጠችው።

ከሰዓት በኋላ ጠራን።

«የደምሽ ስብ በዝቷል» አለኝ። «ስኳር ግን ገና አልያዘሽም። ስኳሩን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ኢንሱሊን ነው፤ ውፍረት ሲበዛ ሰውነት እሺ አይለውም። ክብደት ቀንሺ፣ ጊዜ አለሽ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወደ አክስቴ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እርስዎን ግን ስኳሩ ይዞዎታል። ከያዘዎትም ቆይቷል።»

አክስቴ ወደኔ ጠቆመች። «እሷ ግን ደህና ናት፣ አይደል?»

ኤረር

ባለቤቴ ጣቢያው ላይ «ምን ተባልሽ?» ሲለኝ «ዳንኩ» ማለት አቃተኝ፤ ሰው እያየኝ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናንተ ለምርመራ ስትሄዱ ያሳደገቻችሁን ሴት ይዛችሁ ሂዱ። እኔስ የወሰድኳት ተጣልተን ነው።